ለተወዳዳሪያችሁ ድጎማ ሲሰጥ፦ አቤቱታ ከመጻፋችሁ በፊት ሒሳቡን እንዴት ትሠራላችሁ

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ እናት ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጡ። የመጡት ስሟን ከማልጠቅሳት አንዲት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ነው። ከነጠላቸው ሥር የተማሪ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ለሦስት ዳቦ ቤቶች የመንግሥት ዱቄት በኮታ ይሰጣል፤ ለእኔ አይሰጥም። የምንጋግረው አንድ ዓይነት ዳቦ፣ የምንከፍለው አንድ ዓይነት ግብር ነው። ይህን ሕግ ይፈቅዳል?» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍሁላቸው። ፍትሕ፣ እኩልነት፣ የዜጎች መብት፣ ሁሉም ነበረበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ያቀረቡት ቅሬታ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን እንገልጻለን።» መልሱ አንገበገበኝ። ደብዳቤዬን ደግሜ ሳነበው ግን ከማኅተሙ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ሌላ ምን ሊመልስ ይችል እንደነበር ራሴን ጠየቅሁ። እኒህ እናት በቀን ስንት ብር እንደተጎዱ አልጻፍሁም። ኮታው ለምን ዓላማ እንደተሰጠ አልጠየቅሁም። ሦስቱ ዳቦ ቤቶች ከሚገባቸው በላይ ማግኘታቸውን የሚያሳይ አንድ ቁጥር እንኳ አላስቀመጥሁም። የጻፍሁት «ለእነሱ ተሰጠ፣ ለእኔ አልተሰጠም» የሚል እሮሮ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ለአንድ ድርጅት ገንዘብ ሲሰጥ የውድድር ሕግ እንዴት እንደሚመለከተው፣ ጥያቄው በየዕለቱ ከሚነሳባቸው አገሮች ሳጠና ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለነጋዴ፣ ለዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣ ለዘይት ጨማቂ፣ እንዲሁም ድጎማውን ለሚያከፋፍለው የወረዳ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ያነበው ዘንድ በተለይ እመኛለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። አያቴ ጎዛምን ውስጥ መሬት ሲደለደል ከለኪዎቹ አንዱ ነበሩ። መለኪያው ገመድ ነው። ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ገመዱ ሕዝብ ፊት ይዘረጋል፤ ርዝመቱ በክንድ ይቆጠራል፤ ቋጠሮው ይታያል። መሬቱ የደረሳቸውም ያልደረሳቸውም ገመዱን አይተውታል። ጎጃም መለካትን ይጠላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በ1960 ዓ.ም. ሞጣና ብቸና በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ማመፃቸውን ይጠቅሳሉ። እኔ ከአያቴ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰው የሚሸሸው ያላየውን ገመድ ነው። የድጎማ ሕግ ስታነቡም ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው ገመዱ ታይቷል ወይስ አልታየም የሚለው ነው።

ሕጉ ምን ዓይነት ሕግ ነው

የውድድር ሕግ በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው ነጋዴው ላይ ነው። ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይቆርጡ፣ ትልቁ ትንሹን እንዳይውጠው፣ ሁለት ግዙፍ ድርጅቶች ተዋህደው ገበያውን እንዳይዘጉ ይከለክላል። ድጎማ ግን ለየት ይላል፤ ሚዛኑ ላይ እጁን የሚያሳርፈው ዳኛ ሆኖ መቆም የነበረበት መንግሥት ራሱ ነው።

ይህን በሰፊው የጻፈው የአውሮፓ ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሮም ላይ ከተፈረመው ስምምነት ጀምሮ ደንቡ አለ፤ ዛሬ በኅብረቱ የአሠራር ስምምነት አንቀጽ 107 እና 108 ላይ ይገኛል። ምክንያቱም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባል አገሮቹ አንድ ገበያ አላቸው። አንዱ አገር ለራሱ ፋብሪካ ገንዘብ ሲያፈስ የጎረቤቱ ፋብሪካ ይዘጋል። ጎረቤቱም በተራው ያፈሳል። መጨረሻ ላይ የሚወዳደሩት ፋብሪካዎቹ መሆናቸው ቀርቶ የመንግሥት ካዝናዎች ይሆናሉ፤ በተሻለ ሁኔታ የሚያመርተው ሳይሆን ካዝናው የሞላው ያሸንፋል። ሁለት ከተሞች አንድ ባለሀብት ለመሳብ መሬት በነፃ ለመስጠት ሲሽቀዳደሙ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል።

እኛ ዘንድ ሥራ ላይ ያለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ስለ መንግሥት ድጎማ የተለየ ምዕራፍ የለውም። እንዲያውም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለኢኮኖሚ ልማት ወሳኝ ናቸው ያላቸውን የንግድ ሥራዎች ከውድድር ክልከላዎቹ ውጭ በደንብ ሊያደርጋቸው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማሳያችሁን የአውሮፓ መለኪያ «ሕጉ ይህን ይላል» ብላችሁ ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ብታቀርቡት ዋጋ የለውም። የሚጠቅማችሁ ነገሩን ለማሰብና ሒሳቡን ለመሥራት ነው። አቤቱታው በየትኛው የአገራችን ሕግ ላይ እንደሚቆም በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ፦ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ

አንቀጽ 107 ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥቅሙ የመጣው ከመንግሥት ሀብት መሆኑን ነው። የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን አያስፈልገውም። ያልተሰበሰበ ግብር፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን፣ ያለ ጨረታ የተሰጠ ቦታ፣ የመንግሥት ዋስትና ያለበት ብድር፣ ሁሉም ከካዝና የወጡ ወይም ወደ ካዝና መግባት ሲገባቸው የቀሩ ናቸው።

ወሰኑን የሚያሳይ አንድ ፍርድ አለ። ጀርመን የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች የነፋስ ኃይል በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲገዙ በሕግ አስገደደች። እ.ኤ.አ. በ2001 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፕሮይሰንኤሌክትራ በተባለው ጉዳይ ይህ የመንግሥት እርዳታ አይደለም አለ። አምራቾቹ መጠቀማቸው አልተካደም፤ የከፈሉት ግን የግል ኩባንያዎች እንጂ መንግሥት አልነበረም። ወደ እኛ ስናመጣው፦ መንግሥት በራሱ ገንዘብ ስንዴ ገዝቶ በርካሽ ለዱቄት ፋብሪካ ሲያቀርብ ድጎማ ነው። ነጋዴውን «ከዚህ ዋጋ በላይ አትሽጥ» ብሎ ሲያዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አቤቱታውም ሌላ መንገድ ይይዛል። ሁለቱን አንድ ደብዳቤ ውስጥ ደባልቀው የሚያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ተቀባዩ ነጋዴ ነው ወይ የሚለው ቀላል ነው፤ ረጅም ጊዜ አታጥፉበት። በአውሮፓ ሕግ የሚታየው የድርጅቱ ስም ወይም አደረጃጀት ሳይሆን ሥራው ነው። ዩኒየንም ይሁን ማኅበር፣ የደብር ወፍጮም ይሁን የመንግሥት ልማት ድርጅት፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለገበያ ካቀረበ ነጋዴ ነው። ለቤቱ ዘይት በኮታ የሚገዛ አባወራ ግን ነጋዴ አይደለም።

ጥቅሙን በብር ለኩት

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «ብድር ተሰጠው» ማለት ጥቅም አገኘ ማለት አይደለም። መለኪያው ይህ ነው፦ ትርፍና ኪሳራውን አስልቶ የሚሠራ ጠንቃቃ ባለሀብት በመንግሥት ቦታ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዋጋ ይሰጥ ነበር? ይሰጥ ከነበረ ድጎማ የለም፤ መንግሥት እንደማንኛውም ነጋዴ ነግዷል። ካልሆነ ልዩነቱ ድጎማው ነው።

ለምሳሌ አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ 4 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። በዚያው ወር ባንክ ለእናንተ በ16 በመቶ ያበድራል። ድጎማው 4 ሚሊዮን አይደለም፤ ዋናውን ይከፍለዋል። ድጎማው የ9 በመቶው ልዩነት ነው፤ ዋናው ገና ባልተነካበት በመጀመሪያው ዓመት 360,000 ብር። የተጨመቀው ዘይት በዓመት 60,000 ሊትር ከሆነ በሊትር 6 ብር ይደርሳል። «ተወዳዳሪዬ ከመንግሥት በተገኘ ጥቅም በሊትር 6 ብር ይቀድመኛል» ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው መልስ ለመስጠት ካልኩሌተር ለማውጣት ይገደዳል። መሬትም እንዲሁ ነው። በአቅራቢያው በጨረታ የተሰጠ ተመሳሳይ ቦታ የሊዝ ዋጋ ፈልጉና በካሬ ሜትር አባዙት።

ለሁሉ ክፍት ነው ወይስ ለአንዱ ብቻ

ጎሐ ጽዮንና ደጀንን በዓባይ በረሃ የሚያገናኘው የሕዳሴ ድልድይ ለጎጃም ነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም ተቆጥሮ አያልቅም። ግን ማንም የጭነት መኪና ያለው ይሻገርበታል፤ ስለዚህ ለውድድር ሕግ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው የዓባይ ድልድይም እንዲሁ። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ አንድ ፋብሪካ በር ላይ የሚያበቃ፣ ሌላ ማንም የማይጠቀምበት አስፋልት በመንግሥት ገንዘብ ቢሠራ ግን ጥያቄ ይነሳል።

ሕጉ የሚፈልገው ይህን መራጭነት ነው። አስቸጋሪው መካከለኛው ቦታ ነው፤ በወረቀት ላይ ለሁሉ ክፍት ሆኖ በተግባር ለአንድ ሰው የተሰፋ መስፈርት። «በቀን ከ200 ኩንታል በላይ የመፍጨት አቅም ያለው» የሚል መስፈርት ከተማው ውስጥ አንድ ፋብሪካ ብቻ የሚያሟላው ከሆነ ስሙ አልተጻፈም እንጂ ተጠርቷል። መስፈርቱን ስታገኙ «ይህን ስንቶቻችን እናሟላለን? ቁጥሩ ለምን 200 ሆነ? ለምን 150 አልሆነም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለቁጥሩ ቴክኒካዊ ምክንያት ካለ በእርጋታ ተቀበሉት። ከሌለ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ቀጥሎ ውድድሩን ማዛባቱ ይታያል። በአውሮፓ በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ መንካቱም ያስፈልጋል። ትንሽ ገንዘብ ግን አይቆጠርም፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ድርጅት በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ አባል አገር እስከ 300,000 ዩሮ ቢያገኝ በጥቅሉ ድጎማን ለሚቆጣጠረው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል፣ ለአውሮፓ ኮሚሽን፣ ማሳወቅ አያስፈልግም። በማይክሮ የተደራጁ ወጣቶች ሼድ ተሰጣቸው ብሎ አቤት ለማለት የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ። በድጎማ ላይ ከማንም ይልቅ ጥብቅ የሆነው ሕግ እንኳ እንዲህ ያለውን ያልፈዋል። ልጆቹን ተዉአቸው።

የዳቦ ቤቱ ሒሳብ

አሁን ወደ እናታችን ልመለስ። ከተከለከልን በኋላ እንደገና ተቀምጠን ከደብተራቸው ሒሳብ ሠራን። (ዋጋዎቹን ለማስላት እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ።) የኮታ ዱቄት ኩንታሉ 2,400 ብር፣ የገበያው 3,600 ብር፣ ልዩነቱ 1,200 ብር። ከአንድ ኩንታል ወደ 1,300 የሚጠጋ ትንሽ ዳቦ ይወጣል። ስለዚህ ጥቅሙ በአንድ ዳቦ 92 ሳንቲም ገደማ ነው።

«ይኸው!» አሉ እናታችን። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ኮታ የሚወስዱት ዳቦ ቤቶች በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ ግዴታ አለባቸው። በስንት ይሸጣሉ? እሳቸው ከሚሸጡበት በአንድ ብር ዝቅ ብለው። እንግዲህ 92 ሳንቲም አግኝተው 1 ብር ለበላተኛው ከለቀቁ በእጃቸው የቀረ ጥቅም የለም። ድጎማው በዳቦ ቤቱ በኩል አለፈ እንጂ ዳቦ ቤቱ ውስጥ አልቀረም። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ዱቄቱ በሙሉ ወደዚያ ዳቦ ይገባል ብለህ ነው?» አሉኝ።

ጉዳዩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ በቀን 5 ኩንታል ይወስዳል። የእናታችን ልጅ ለስድስት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ ከማዶው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ፣ በተወሰነው ዋጋ የሚሸጠውን ዳቦ በሳጥን ቆጠረች። አንዱ ሳጥን 50 ዳቦ ይይዛል። በቀን ያገኘችው 78 ሳጥን አካባቢ ነው፤ 3,900 ዳቦ፣ ማለትም የ3 ኩንታል ዱቄት። የቀረው የ2 ኩንታል በባጃጅ ተጭኖ ወደ ሆቴሎች ይሄዳል፤ እዚያ ዋጋው የገበያ ዋጋ ነው። 2 ኩንታል በ1,200 ሲባዛ በቀን 2,400 ብር። በወር 26 የሥራ ቀን ብንል 62,400 ብር። ይህ ገንዘብ ለበላተኛ አልደረሰም፤ ለዚያ ዳቦ ቤት ቀርቷል። እናታችን ቋሚ የሆቴል ደንበኞቻቸውን ያጡትም በዚሁ ነበር።

ይህን ሒሳብ የሚመስል በአውሮፓ የታወቀ ፍርድ አለ። ሽቴንዳል በሚባል የጀርመን ወረዳ አልትማርክ የተባለ የአውቶቡስ ድርጅት የማያዋጡ መስመሮች ላይ እንዲሠራ መንግሥት ማካካሻ ይከፍለዋል። ተወዳዳሪው ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 አራት ነገር ከተሟላ ማካካሻው እንደ እርዳታ አይቆጠርም አለ። የአገልግሎት ግዴታው በግልጽ ተጽፎ የተሰጠ ይሁን። የክፍያው ስሌት አስቀድሞ ይታወቅ። ክፍያው ግዴታውን ለመወጣት ከወጣው ወጪና ከተመጣጣኝ ትርፍ አይለፍ። ድርጅቱ በጨረታ ይመረጥ፤ ካልሆነም ክፍያው በደንብ የሚመራ ተመሳሳይ ድርጅት ከሚያወጣው ወጪ ጋር ይነፃፀር። ዳቦ ቤቱን በእነዚህ አራት ብትፈትኑት ግዴታው ተጽፏል፤ ስሌቱ አልተጻፈም፤ ክፍያው በ2 ኩንታል አልፏል፤ ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ሁለተኛው አቤቱታችን «ኮታው ይቅር» ወይም «ለእኔም ይሰጠኝ» አላለም። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ የጠየቀውም ሦስት ነገር፦ የኮታው መጠን በተወሰነው ዋጋ ከሚሸጠው ዳቦ ጋር ይስተካከል፤ መስፈርቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ዝርዝሩ በየሩብ ዓመቱ ለአመልካች ክፍት ይሁን። የልጅቷ የስድስት ቀን ቆጠራ አባሪ ሆኖ ተያያዘ።

ዓላማውን አትካዱ

አቤቱታ ስትጽፉ ድጎማውን ሁሉ ክፉ አታድርጉት። አንቀጽ 107 ራሱ በመርህ ይከለክልና ወዲያው በር ይከፍታል። በተፈጥሮ አደጋ ወይም ባልተለመደ ክስተት ለደረሰ ጉዳት የሚሰጥ ካሳ ተፈቅዷል። የኑሮ ደረጃው ዝቅ ላለ አካባቢ የሚደረግ ድጋፍ ሊፈቀድ ይችላል። ሱቁ የተቃጠለበት፣ ማሽኑ የተዘረፈበት ነጋዴ እንደገና እንዲቆም ቢረዳ ጉዳቱ ተለክቶ እስከዚያው ድረስ እስከሆነ ጊዜ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ የሚቃወመውም እኔ አልሆንም። የሚጠየቀው ያለ ድጎማው ነገሩ ይሳካ ነበር ወይ፣ ከዚህ ባነሰ ገንዘብ ይሠራ ነበር ወይ፣ ተወዳዳሪው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። በአቤቱታችሁ ላይ ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እውቅና ስጡት። «ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ርካሽ ዳቦ ማቅረብ ተገቢ ዓላማ ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ ባለሙያው ጋሻውን አውርዶ ያነባችኋል።

ከመስጠት በፊት፣ ከሰጡ በኋላ

በአውሮፓ አሠራር በጣም የምወደው ቅደም ተከተሉን ነው። መንግሥት መጀመሪያ ለኮሚሽኑ ያሳውቃል፤ እስኪፈቀድ አይከፍልም። አስቀድመው የተፈቀዱ ብዙ ዓይነት ድጋፎች አሉ፤ ከእነሱ ውጭ ያለ ፈቃድ የተከፈለና ከገበያው ጋር የማይስማማ ሆኖ የተገኘ ግን ከነወለዱ ይመለሳል። ኮሚሽኑ እስከ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ሚዛኑን ወደነበረበት መመለስ ነው። ነጋዴዎች ልብ በሉ፦ የሚመልሰው ሰጪው ባለሥልጣን ሳይሆን ተቀባዩ ነው።

ትልቁ ምሳሌ አፕል ነው። አየርላንድ የግብር መሥሪያ ቤቷ ለአፕል ኩባንያዎች በሰጠው ልዩ የአሠላል ፈቃድ ምክንያት ግብራቸው እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመለስ ወሰነ። በ2020 የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2024 የበላዩ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ትክክል ነበር ብሎ ጨረሰው። ከሁሉ የሚገርመው አየርላንድ ራሷ ገንዘቡ እንዳይመለስላት ከአፕል ጎን ቆማ መከራከሯ ነው። ሰጪውና ተቀባዩ ሲስማሙ ሦስተኛ ወገን የሆነው ተወዳዳሪ ጠባቂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አቤቱታው እኛ ዘንድ በምን ላይ ይቆማል

መጀመሪያ መረጃ ጠይቁ፤ አቤቱታ በኋላ ነው። በመረጃ ነፃነት ላይ የተደነገገው የአዋጅ ቁጥር 590/2000 ክፍል ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፦ የኮታው ወይም የድጋፉ መመሪያ፣ የተቀባዮች ዝርዝርና መጠን፣ ምርጫው የተካሄደበት ቃለ ጉባኤ፣ ተቀባዩ የገባው ግዴታ። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልተጻፈም ብላችሁ ቁጠሩት።

ከዚያ መንገዱን ምረጡ። ድጎማ ያገኘው ድርጅት የገበያ የበላይነት ካለውና ተወዳዳሪን ለማስወጣት ከማምረቻ ወጪው በታች የሚሸጥ ከሆነ ይህ በአዋጅ 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው። ድጎማ የሚያገኙት ተስማምተው ዋጋ ከቆረጡ ወይም ገበያ ከተከፋፈሉም እንዲሁ። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ከ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1263 ወዲህ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል፤ የድሮውን ስም ጽፋችሁ ደብዳቤው እንዳይንከራተት። በከተማ ደረጃ ለሆነ ጉዳይ የምትጀምሩት ከራሳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ቅሬታችሁ በሰጪው ላይ ከሆነ መሠረታችሁ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 41 በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ በነፃነት የመሰማራት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት ኢትዮጵያውያን የኢኮኖሚ ሁኔታቸውን ለማሻሻል እኩል ዕድል እንዲኖራቸው የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ውሳኔውን የሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለላችሁ፤ ውሳኔ በምክንያት ተደግፎ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያስገድዳል፤ ውሳኔውን ፍርድ ቤት እንዲያየውም በር ይከፍታል።

ከአገር ውጭ ያለውን ለፋብሪካ ባለቤቶች ብቻ በአጭሩ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ስምምነት አንቀጽ 52 ውድድርን የሚያዛባና የአባል አገሮችን ንግድ የሚነካ ድጎማ ከጋራ ገበያው ጋር አይስማማም ይላል። የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ደግሞ ለኤክስፖርት መጠን የሚከፈልን፣ እንዲሁም ከውጭ ዕቃ ይልቅ የአገር ውስጥ ዕቃ ለሚጠቀም ብቻ የሚሰጥን ድጎማ ይከለክላል፤ አገራችን ለአባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እነዚህ መንግሥት ከመንግሥት የሚነጋገርባቸው ናቸው፤ ለዳቦ ቤት አቤቱታ አያስፈልጉም።

ድጎማውን ለምታከፋፍሉ

እናንተን የምጠይቀው ድጋፍ እንዳትሰጡ አይደለም። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ ለምን በዚህ መጠን፣ ማን ሊያመለክት ይችላል፣ ተቀባዩ በምላሹ ምን ይገባል፣ መቼ ያበቃል። ያንን ገጽ ለጥፉት። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ በሥራ ላይ ያዋለችው የድጎማ ሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ድጎማ ማንም በሚያየው የመረጃ ቋት ላይ እንዲሰፍር ያዛል። ቻይና እንኳ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ባለሥልጣናት ሕጋዊ መሠረት ሳይኖር ለተለየ ድርጅት የግብር ቅናሽ ወይም ድጎማ የሚሰጥ ደንብ እንዳያወጡ ከልክላለች። እኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ አለን፤ አራት የወረቀት መርፌ ይበቃል።

የመጨረሻ ቀን መጻፍን ደግሞ አትርሱ። ማብቂያ የሌለው ድጎማ በሁለተኛው ዓመት ርስት ይሆናል፤ ማንሳቱም ከመስጠቱ ይልቅ ያጣላል።

የእናታችን ሁለተኛ ደብዳቤ መልስ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። የአንዱ ዳቦ ቤት ኮታ ከ5 ወደ 3 ኩንታል ተኩል ወረደ። ለምን 3 ብቻ እንዳልሆነ ጠይቄ፣ ግማሿ ኩንታል ለብክነትና ለበዓል ቀን መጠባበቂያ ናት ተባልሁ፤ ምክንያት ስለሆነ ተቀበልሁት። መስፈርቱ ተለጠፈ። እሳቸው ያን ጊዜ አላሟሉትም፤ የመጋገሪያቸው አቅም በቀን ከሚጠየቀው 2,000 ዳቦ ያንስ ነበር። ወረቀቱን ልጃቸው በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከሥሩ በእስክሪብቶ ቀጣዩ የማመልከቻ ቀን ተጽፎበታል። እናታችን ስልኩን ተቀበሉና፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ መጋገሪያ ስንት ያወጣል?» አሉኝ።